ስንጥቁ ላይ የተቀባው ቀለም

የጓዳዋ በር አልከፈት ያላት ዕለት አያልነሽ ነገሩ ገባት። ቁልፉ ዞሯል፣ እጀታውም ይታጠፋል፤ በሩን ግን መቃኑ ከላይ ነክሶ ይዞታል። በትከሻዋ ደጋግማ ገፋችው። ድንገት ሲከፈትላት ከበሩ በላይ የነበረው ልስን ተፈርፍሮ ሻሿ ላይ ወረደ። ቀና ብላ አየች። ከመቃኑ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ ግድግዳውን ሰያፍ አቋርጦ ጣሪያው ውስጥ ገብቷል። ትናንት አልነበረም። ትንሿን ጣቷን አስገባችበት፤ ገባላት። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል።

ቤቱ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ፣ ከቲካ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የቆመ ፎቅ ነው። አያልነሽ ምድር ቤቱን ተከራይታ ምግብ ቤት ከከፈተች ቆይታለች፤ መኖሪያዋም እዚያው አንደኛ ፎቅ ላይ ከልጇ ከምርቃት ጋር ነው። ከበላያቸው ሐበሻውም ኬንያዊውም ተቀላቅሎ ይኖራል፤ ነርሶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ልብስ ነጋዴዎች፣ ጡረተኞች። ቤቱ ስድስት ፎቅ ነበር። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት ሰባተኛውን ጨመረበት፤ ዘንድሮ ደግሞ ስምንተኛውን ጀመረና ገና ሳያልቅ ትልልቅ የውኃ ታንከሮች አናቱ ላይ አስቀመጠ። የሚያዝያ ዝናብ ከገባ ወዲህ አጠገባቸው ለሌላ ፎቅ መሠረት ተብሎ የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ቡናማ ኩሬ ሆኗል። የኩሬው ዳር በየቀኑ ወደ እነሱ ግድግዳ እየተጠጋ ነው።

አያልነሽ ምልክት አይቶ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል የምታውቅ ሴት ናት። ከዓመታት በፊት ፓንጋኒ ሰፈር የነበራት ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ የጋዝ ሽታ መሽተት ጀምሮ ነበር። ሠራተኞቿ ነገሯት። እሷ ግን ሥዕለ ማርያም ሥር ጧፍ አበራች፤ "እሷ ትጠብቀናለች" አለች፤ የጋዙን ጎማ የሚቀይር ሰው መጥራቱን ነገ ዛሬ ስትል ከረመች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኩሽናው ፈነዳ። ምግብ ቤቱ ወደመ። ወጥ ሠሪዋ ባንታየሁ ፊቱና ሁለት እጆቹ ተቃጠሉ። ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና የምትለው ቢጠፋት፣ "እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አለችው። ባንታየሁ በፋሻ ከተጠቀለለው ፊቱ ውስጥ አየት አደረጋት።

"እትዬ፣ ሽታውን የላከልሽ እኮ እሱ ነው" አላት።

ባንታየሁ ድኖ ወደ አገሩ ገባ፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአያልነሽ ጋር ቀረች። ጸሎቷን አልተወችም፤ ጾሟንም አልቀነሰችም። ስትጸልይ ግን ጆሮዋን ታቆማለች።

የጓዳው በር አልከፈት ባላት ዕለት ጠዋት ኦቲዬኖን ጠራችው። ኦቲዬኖ የፎቁ ጠባቂና ተላላኪ ነው፤ ሁሉም ሰው "ኬርቴከር" ነው የሚለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። ስንጥቁን አየው፤ አፉን ሸፈነ፤ አሁን ግን እየሳቀ አልነበረም።

"ፖሌ፣ አይዞሽ ማማ አያል" አለ። "ሦስተኛ ፎቅም እንዲህ ያለ አለ። ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።"

ባለቤቱ በስልክ ሳቀባት። "ማማ፣ ቤት እኮ እንደ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ይንቃቃል። ፉንዲ እልክልሻለሁ" አላት። እውነትም በማግስቱ ሁለት ግንበኞች መጡ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞሉት፤ ላዩን ክሬም ቀለም ቀቡትና ሄዱ። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ አያልነሽ ቆማ እያየችው፣ መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ብቅ አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቀን፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከግድግዳው ውስጥ ደረቅ እንጨት የሚሰበር ዓይነት ድምፅ ይመጣል፤ አንዴ "ቋ" ይልና ዝም ይላል። ደንበኞች ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀና ይላሉ፤ እርስ በርስ ይተያዩና መብላታቸውን ይቀጥላሉ። የመታጠቢያ ቤቱ የግድግዳ ሴራሚክ ማንም ሳይነካው ተነቅሎ ወደቀ። ምርቃት አንድ ከሰዓት ወለሉ ላይ የጣለችው የለስላሳ ጠርሙስ ማንም ሳይገፋው በዝግታ እየተንከባለለ ሄደና መስኮቱ ሥር ቆመ። እናትና ልጅ ጠርሙሱን አዩት፤ ማናቸውም አላነሱትም።

አያልነሽ ለከተማው አስተዳደር አመለከተች። ሁለት ሰዎች የራስ ቁር አድርገው መጡ፤ ምሰሶዎቹን አንኳኩተው አዳመጡ፤ ሲወጡ መግቢያው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረጉ። "ይህ ቤት በአስቸኳይ መለቀቅ አለበት" አሉ። በማግስቱ ጠዋት አያልነሽ ምግብ ቤቷን ልትከፍት ስትወርድ የመግቢያው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዲስ ክሬም ቀለም ተቀብቶ አገኘችው። ቀዩ ምልክት የለም። ኦቲዬኖ ባዶውን የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

"ባለቤቱ አዘዘኝ" አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከራዮቹን ምግብ ቤቷ ሰበሰበች። ያየችውን ነገረቻቸው፤ ስንጥቁን በጣቷ አሳየቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጓንጉል ተነሣ። ጓንጉል ልብስ ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴና የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ሚስቱ ትዕግስት ከወለደች ገና ሳምንታት ናቸው። ሰው ይሰማዋል፤ ድምፁም ቤት ይሞላል።

"እትዬ አያልነሽ፣ ባንቺ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዴ የደነገጠ ሰው ደግሞ ጥላውንም ይፈራል" አለ። "እኔ አራስ ሚስትና ሕፃን ልጅ ይዤ በዚህ ዝናብ የት ነው የምገባው? እግዚአብሔር እስከ ዛሬ የጠበቀን በግንብ ነው እንዴ? እምነት ካለን እሱ አይጥለንም።"

አንዳንዱ "እውነት ነው" አለ። አያልነሽ አልተቆጣችም።

"ጓንጉል፣ እኔም ልክ እንዳንተ እል ነበር" አለችው። "ግን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ 'ዝለል፣ ይይዙሃል' ያለው ማን ነበር? ጌታ እኮ አልዘለለም።"

ቃሏን እንደጨረሰች ከጓዳው በኩል "ቋ" የሚል ድምፅ መጣ። ሰዎቹ ግን ቀስ በቀስ ተበተኑ፤ የት ይግቡ? ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነበር።

አያልነሽ መልስ ነበራት፤ መልሱ ግን ከባድ ነበር። ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራይታ ለፋሲካ ትልቅ ምግብ ቤት ልትከፍትበት እያዘጋጀችው ነው። ከፓንጋኒው እሳት ወዲህ ያጠራቀመችው ሁሉ እዚያ ገብቷል። ወለሉ ተወልውሏል፣ አዳዲስ ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፣ ምርቃት ግድግዳውን ራሷ ቀለም መርጣ አስቀብታለች። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሲሄዱ ለልጇ ሐሳቧን ነገረቻት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ?" አለች ምርቃት። "ያንን ሁሉ ሰው? ፍራሽ ከነልጁ? ኦፕኒንጋችን እኮ ለፋሲካ ነው። ኢንቪቴሽን ልከናል።"

"አውቃለሁ።"

"ሰዎቹ እኮ አላመኑሽም። ዘይ ዶንት ኢቭን ዎንት ኢት።"

"ባንታየሁንም አላመንኩትም ነበር" አለች አያልነሽ በመስኮቱ ዝናቡን እያየች። ምርቃት ስልኳን አወጣችና የምታውቃቸውን ባለ ፒክአፕ ልጆች መጥራት ጀመረች።

ከሰኞ ጀምሮ አያልነሽ በር ማንኳኳት ያዘች። ከላይ ጀምራ ወደ ታች፣ አንድም በር ሳትዘል። አንዳንዱ ከበሩ ሰንሰለት ጀርባ ሆኖ "አመሰግናለሁ ማማ" ይልና ይዘጋል። እሷ በማግስቱ ትመለሳለች። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ወደ ፓርክላንድስ ወጡ፤ እነሱ የሚሸከሙት ብዙ አልነበረም። ቀጥሎ ነርሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር ወጣች፤ የመኝታ ቤቷ በር ልጆቿን ከውስጥ ቆልፎባት ኦቲዬኖ ሰብሮ አውጥቷቸው ነበር። ዕቃ ባወጡ ቁጥር ኦቲዬኖ ያግዛል፤ ፍራሽ በጭንቅላቱ፣ ማንደጃ በብብቱ ይዞ ደረጃውን ይወርዳል። አያልነሽ ሻይ ታቀርብለታለች፤ ቆሞ ይጠጣና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ረቡዕ ጠዋት አጥሚት ይዛ ትዕግስትን ልትጠይቅ ወጣች። ጓንጉል ሱቁ ሄዷል። ትዕግስት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች። ሲያወሩ ቆይተው አያልነሽ ከሕፃኑ ግንባር ላይ ነጭ ነገር በጣቷ ጠረገች፤ ዱቄት መሰላት። ተመልሶ ወረደ። ሁለቱም ቀና አሉ። ከጣሪያው መስመር ላይ የልስን ብናኝ ሳያቋርጥ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በሕፃኑ ብርድ ልብስ ላይ ይዘንባል።

"እትዬ" አለች ትዕግስት ሕፃኑን ወደ ደረቷ እየሳበች። "ጓንጉል ይቆጣኛል።"

"ይቆጣ። እኔን ይቆጣ። ተነሺ ልጄ።"

ሕፃኑን አያልነሽ ታቅፋ ወጡ። ጓንጉል ማታ ፓርክላንድስ ደርሶ ጮኸ፤ "ቤቴን አፈረስሽው" አለ፤ ልጁን ሲያይ ግን ዞሮ ብቻውን ወደ ካሳራኒ ተመለሰ። ሌሎቹ ተከራዮች፣ አያልነሽና ምርቃትም ጭምር፣ ወጥተው ከሱ በቀር ሰው ያለበት አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

እሱም አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የሽማግሌው ዑቕባዝጊ ቤት ነው። አዲስ አበባ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው በአውቶቡስ ሾፌርነት የሠሩ ኤርትራዊ ናቸው። ጉልበታቸው ከያዛቸው ወዲህ ደረጃ አይወርዱም። አያልነሽ በተደጋጋሚ ለምናቸው እምቢ ብለዋታል። ሐሙስ ከሰዓት እንደገና ወጣች። በሩ ስለማይዘጋ ገርበብ ብሎ ነበር። ሽማግሌው ወንበራቸውን መስኮቱ አጠገብ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ ዑቕባዝጊ፣ መኪና መጥቷል።"

"ጓለይ፣ ልጄ፣ አትድከሚ" አሏት። "ከአዲስ አበባ ተነሥ አሉኝ፣ ተነሣሁ። ከአስመራ ራሴ ወጣሁ። ከካምፓላም ተነሣሁ። ከእንግዲህ አልነሣም። የሚመጣው እዚሁ ያግኘኝ። ጌታ የት እንዳለሁ ያውቃል።"

አያልነሽ ሌላኛውን ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"እርስዎ ጋ እቀመጣለሁ።"

"ሂጂ እንጂ!"

"ካልሄዱ አልሄድም። እርስዎን እዚህ ትቼ ወርጄ ምን ብዬ እቆርባለሁ?"

ተቀመጡ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ከታች፣ ከጥልቅ፣ እንደ ትልቅ ሆድ ያለ ጉርምርምታ መጣና ወንበሮቻቸው በትንሹ ተንቀጠቀጡ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ። አያልነሽ ፈርታለች፤ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ከወንበሯ ግን አልተነሣችም። ሽማግሌው ፊቷን ሲያዩ ቆዩ። ምርኩዛቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

"አንቺን ገድዬ ለማን ንስሐ እገባለሁ?" አሉ በመጨረሻ። "ጥሪ፣ የሚሸከመኝ ሰው ጥሪ።"

ኦቲዬኖ ታች ዕቃ ይጭናል፤ ፎቁ ላይ የቀረው ጠንካራ ወንድ ጓንጉል ነበር፤ ምሳውን ሊበላ መጥቶ ብቻውን ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጧል። አያልነሽ በሩን አንኳኳች። ስለ ስንጥቁ አንዲት ቃል አላነሣችም። "ጋሼ ዑቕባዝጊን አውርድልኝ፣ ጉልበት ስጠኝ" ብቻ አለችው። ጓንጉል ፊቱ እንደተቋጠረ ወጣ፤ ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ሲወርድ ግን በእያንዳንዱ ፎቅ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ከግድግዳው ተለያይቷል፤ በክፍተቱ በኩል የታችኛው ወለል ይታያል። እሱ ጠዋትም ማታም በዚያ ሲያልፍ ኖሯል። ታች ሲደርስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ሽማግሌውን እንደደገፈ ፒክአፑ ላይ ወጣ።

ኦቲዬኖ የሽማግሌውን ወንበር ጭኖ የመኪናውን በር ዘጋ። "አሳንቴ ኦቲዬኖ፣ አመሰግናለሁ!" አለችው አያልነሽ በመስኮቱ። እጁን አነሣላት። ዝናቡ ስለበረታ ሮጦ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናው ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያልነሽ ፓርክላንድስ ግቢ ውስጥ ለዚያ ሁሉ ሰው ጎመን ትከትፋለች። የነርሷ ስልክ ጠራ። ነርሷ አዳመጠች። "ፎቁ ወድቋል" አለች።

ሲደርሱ ፎቁ በነበረበት ቦታ ሰማይ ነበር። ስምንቱ ወለሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም፤ ዝናቡ አቧራውን ጭቃ እያደረገው ነው። ሰው ይጮኻል፤ ፖሊስ ገመድ ዘርግቷል። የስምንተኛው ፎቅ ግንበኞች በዝናቡ ምክንያት አልመጡም ነበር። ጓንጉል ጭቃው ውስጥ ተንበረከከና "አምላኬ፣ አምላኬ" ብቻ ይላል። ሰዎች አያልነሽን ያቅፏታል፤ "አንቺ ባትኖሪ" ይሏታል። እሷ ግን ዓይኗ በሕዝቡ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ይፈልጋል።

"ኦቲዬኖ የታለ?" አለች።

ሰዎቹ ዞር ዞር ብለው ፈለጉት።

"ኦቲዬኖ የት ነው የሚያድረው?"

"ደረጃው ሥር ክፍል ነበረችው እኮ" አለ ከተማሪዎቹ አንዱ። "ሌሊት ይጠብቃል፣ ጠዋት ይተኛል።"

ሲቆፍሩ ውለው አደሩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አወጡት። ፊቱ ምንም አልሆነም። አንድ እጁ እንደ ልማዱ አፉ ላይ ነበር።

አያልነሽ ከኪሱሙ ከተማ አልፎ ካለው መንደሩ ድረስ ሄዳ ቀበረችው። ሚስቱን አቀፈቻት፤ ሦስት ልጆቹን አየች፤ ልጆች እንዳሉት እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጓንጉል አጠገቧ ተቀምጦ ሊያጽናናት ሞከረ።

"እትዬ፣ ስንት ነፍስ አትርፈሻል። እኔን፣ ልጄን። እሱን ደግሞ እንግዲህ የእግዚአብሔር..." አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

"የሁሉንም በር አንኳኳሁ" አለች አያልነሽ። "ከላይ እስከ ታች። ፍራሽ አሸክሜው፣ ሻይ ሰጥቼው፣ 'አንተስ የት ትተኛለህ?' አላልኩትም። በሩ ፊት ለፊት በየቀኑ አልፌያለሁ። በር መሆኑን አላየሁትም።"

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም።

ፋሲካ አለፈ። የፓርክላንድሱ ምግብ ቤት አልተከፈተም፤ በአዳዲሶቹ ወንበሮች ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶባቸው ነበር። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ቤት እያገኙ ወጡ፤ ዑቕባዝጊ የኋላዋን ክፍል ወስደው ቀሩ፤ ማንም ተነሡ አላላቸውም። የኦቲዬኖ የበኩር ልጅ ናይሮቢ መጥታ ትምህርቷን ስትጀምር ያረፈችው እዚያው፣ ከምርቃት ጋር ነው። ምርቃት "ሩምሜቴ" ትላታለች። ምግብ ቤቱ ዘግይቶ ሲከፈት ደግሞ ካሰቡት በጣም ያነሰ ሆነ።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ጓንጉል ሥራ አቋርጦ መጣ። የወደቀው ፎቅ ባለቤት በሌላ ሰው ስም ያሠራው ሌላ ሕንፃ እንዳለ ሰምቷል፤ እዚያው ካሳራኒ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ። በማታቱ ሄዱ። ባለ ሰባት ፎቅ ነው፤ በየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቷል፤ ልጆች በደረጃው ይሯሯጣሉ። አናቱ ላይ ሰዎች ጡብ ይጭናሉ። የመግቢያው ግድግዳ አዲስ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። አያልነሽ ቀረብ ብላ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ቀለሙ ከሥሩ በቀጭኑ እየተላጠ ነበር።

"ከላይ እንጀምር?" አለ ጓንጉል።

አያልነሽ በደረጃው ሥር ዞረች። እዚያ፣ መጥረጊያና ባልዲ ከተደገፈበት ጀርባ፣ ጎንበስ ካላሉ የማይታይ ዝቅ ያለ የእንጨት በር ነበር። አንኳኳች። ቆየት ብሎ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ዓይኑን እያሻሸ ከፈተ።

"ሀባሪ" ብላ ሰላም አለችው። "ስሜ አያልነሽ ይባላል። ያንተስ ስም ማነው?"

ሰውየው ገርሞት አያት። ከበላያቸው፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ደረቅ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ አንዴ ተሰማ።

"ዕቃህን ያዝ" አለችው አያልነሽ። "ስምህን እየሄድን ትነግረኛለህ።"